ልብስ የለበሰችው ማሽን

ባለፈው ሳምንት ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ሳንባ አስተምር ነበር። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከወገቡ ቆርጬ፣ ውስጡ ፊኛ አንጠልጥዬ፣ ታቹን በሌላ ፊኛ ወጥሬ፣ «ይህ ደረታችሁ ነው፣ ይህ ደግሞ ሳንባችሁ» እያልኩ ስስበውና ስለቀው፣ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የሚጠቅመን የሚገባው አየር ነው አይደል? ታዲያ ስለሚወጣው ለምን እንማራለን? ይውጣ በቃ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ መምህርታቸው ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው የተማሪዎቹ ሳቅ አልነበረም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት፣ አዳማ፣ መስኮቱ በማይከፈት ሳሎን ውስጥ ስታቃስት የነበረች የአንዲት ማሽን ድምፅ ነበር።

ማስረዳት የምወድ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

የተወለድኩት አርሲ፣ ደራ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና እንዳለፍኩ አባቴ አዳማ ላለችው ታላቅ እህቱ ሰጠኝ፤ «እሷ ጋ ሆነሽ ትማሪያለሽ፣ እሷም ሰው ታገኛለች» ብሎ። ስማቸው አልማዝ ነው፤ እኔ እታለም እላቸው ነበር። ባላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንጂ ሸንኮራ ሲያስጭኑ ኖረው ጡረታ በወጡ ማግስት ሞተዋል። አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ናት። እኔ ስመጣ ቤቱ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ የሚተነፍስ ነገር አልነበረም።

የሚለብስ ነገር ግን ሞልቶ ነበር። እታለም ልብስ ያላለበሱት ዕቃ አልነበራቸውም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ ፍሪጁ ዳንቴል፣ ሪሞቱ ላስቲክ፣ ሶፋው በልብሱ ላይ ሌላ ልብስ፣ የጋዙ ሲሊንደር እንኳ ቀሚስ ነበረው፤ ያውም ጥልፍ ያለው። መጀመሪያ ሰሞን ይገርመኝ ነበር። በኋላ ግን ዓይኔ ለመደና ዕቃዎቹ እንዲያ ሆነው የተፈጠሩ መሰለኝ።

እውነቱን ለመናገር ምክንያት ነበራቸው። አዳማን የሚያውቅ ሰው ነፋሷን ያውቃል። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ እንደ ደረቀ፣ ቀትር ላይ ይነሳና የሜዳውን አቧራ ሰብስቦ በየቤቱ ያድላል። እታለም ደግሞ አስም ነበረባቸው። አቧራ አንድ ቀን ከቀመሱ ደረታቸው እንደ ፉጨት ይጮህና «አየር አልገባ አለኝ» እያሉ መድኃኒታቸውን ይነፉ ነበር። ስለዚህ መስኮቱ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ የግቢው በር ይቆለፋል። ቁልፉ የሚውለው በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ነው። ከትምህርት ቤት ውጭ እኔ የምወጣው እሳቸው ሲወጡ ወይም ሱቅ ሲልኩኝ ብቻ ነበር። ክፋት አልነበረም፤ እንደ ሪሞቱ ነበር የሚያዩኝ። እንዳልበላሽ።

ሳሎኑ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወፍራም ቀይ ምንጣፍ በማስቲሽ ተለጥፎበታል። አውጥቶ ማራገፍ የለም። በመጥረጊያ ከተጠረገ አቧራው ተነስቶ እታለምን ይጥላቸዋል። ልጃቸው ይህን አስባ ነው ቫኪዩም የላከችላቸው። ክብ ናት፤ ጎማ እግር፣ ረጅም ቱቦ፣ ከላይ የአቧራው ከረጢት የሚገባበት ክዳን አላት። እታለም «ማሽኒቱ» ይሏታል። ማሽኒቱ ገና በመጣችበት ሳምንት የመጀመሪያ ልብሷን ለበሰች፤ አሮጌ ነጠላ ነበር፣ ሥራ ሲኖር እየተገፈፈ የሚቀመጥ።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ሁለት ነገሮች አንድ ሳምንት ላይ ገጠሙ። አንደኛው የእታለም ማህበር ነው። ተራው የእሳቸው ስለሆነ ማህበርተኞቹ እሁድ ቤታቸው ይመጣሉ። ለዚህ ክብር ብለው ለማሽኒቱ አዲስ ልብስ ሰፉ፤ ከሶፋው የተረፈ አረንጓዴ ከፋይ፣ አቧራ እንዳያሳልፍ ውስጡ ላስቲክ የተነጠፈበት፣ ልክክ ያለ። ለቱቦዋ፣ ለጎማዎቿ፣ ለሽቦዋ፣ ለክዳኗና ለማብሪያዋ ቀዳዳ አወጡላት፤ ታቹን በመርፌ ደፈኑት። «ከእንግዲህ መግፈፍ የለ፣ ለብሳ ትሠራለች» አሉ እየተኩራሩ።

ሁለተኛው ነገር የእኔ ነው። አርሲ ደጋ ያለ የመምህራን ኮሌጅ ተመደብኩ። ምዝገባው የሚያልቀው ዓርብ ነበር።

«እታለም፣ ዓርብ ነው የሚያልቀው» አልኳቸው።

«ማህበሩ እሁድ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ግን...»

«ታዲያ ሰኞ ትሄጃለሽ።»

«ሰኞማ ተዘግቶ ነው የሚጠብቀኝ።»

«ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ ነዋ! ኮሌጁ እግር የለው፣ አይሄድ።»

ለከርሞ! ይህችን ቃል እፈራት ነበር። በሰፈራችን «ለከርሞ» የተባሉ ልጆች አውቃለሁ። አንዷ የአጎቷን ሱቅ ትጠብቃለች፣ አንዷ ልጅ ታቅፋ ታልፈኛለች፤ ከርሞ የሚባለው ዓመት ለማናቸውም ሲመጣ አላየሁም። አባቴ ጋ ደወልኩ። እስክጨርስ ሰማኝና «ያሳደገችሽ እሷ ናት ልጄ፣ እሷ ያለችሽን አድርጊ» አለኝ። በሩ በዚያም በኩል ተዘጋ።

ሰኞ ማታ ለማህበሩ የመጣውን የመቂ ሽንኩርት ከበን ተቀምጠን ስንልጥ እታለም ዓይናቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ፣ «እንዲህ ይሁን» አሉ። «ምንጣፉ ጸድቶ፣ ቤቱ ተሰናድቶ በዓይኔ ካየሁ፣ የቀረውን እኔው እወጣዋለሁ። ሐሙስ ትሄጃለሽ።»

የሽንኩርቱ ይሁን የደስታዬ፣ እንባዬን መለየት አቃተኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ማሽኒቱን ሰካሁና አበራኋት። ጮኸች። ግን አልሳበችም። ቱቦዋን ምንጣፉ ላይ ስጎትት የወደቀች የክር ቁራጭ እንኳ ንቅንቅ አላለችም። ድምፅዋም የወትሮው አልነበረም፤ ከባድ ነገር ተሸክሞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ታቃስት ነበር።

በሳይንስ ጎበዝ ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር በቅደም ተከተል እንደሚፈተሽ አውቃለሁ። መጀመሪያ ከረጢቱ ነው። ክዳኑን ከፍቼ አወጣሁት፤ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ቢሆንም ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። ቀጥሎ ቱቦው። ከማሽኒቱ ነቀልኩትና አንዱን ጫፍ ዓይኔ ላይ አድርጌ ወደ ሰማይ አየሁ፤ ክብ ሰማያዊ ነገር ታየኝ፣ ምንም አልደፈነውም። አፏ ላይ ያለው ብሩሽ ላይ ጸጉርና ክር ተጠምጥሞ ነበር፣ በምላጭ እየቆረጥኩ አጸዳሁት። ከከረጢቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ማጣሪያ በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣኋት፤ የአዳማ ፀሐይ ሳትውል ሳታድር አደረቀችልኝ። ሁሉን መልሼ ገጥሜ አበራሁ።

ጮኸች። አልሳበችም።

እታለም በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። «ማሽኒቱም እንዳትሄጂ ፈልጋ ነው» አሉና ሳቁ።

ያ ሳቅ ውስጤ ገባ። ለቀልድ ያሉት ቢሆንም ከቀልዱ ሥር ደስ ያላቸው ነገር እንዳለ ሰማሁት።

«ጠጋኝ ጋ ልውሰዳት?»

«ጠጋኝ እጅ ከገባችማ ማሽን ሆና አትመለስም! ዕቃዋን ይቀይሩባታል። ተያት፣ ልጄ ስትመጣ ታያታለች።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«እግዜር ሲላት።»

ረቡዕ ተስፋ ስቆርጥ መጥረጊያ አንስቼ ጥጉን ቀስ ብዬ ሞከርኩ። እታለም ጓዳ ሆነው ማሳል ጀመሩ። መጥረጊያውን ወርውሬ ስደርስ ግድግዳ ይዘው ትከሻቸው እስከ ጆሯቸው ወጥቶ፣ ደረታቸው ያፏጭ ነበር። መድኃኒታቸውን አቀበልኳቸው፣ ጀርባቸውን አሸሁ። ሲሻላቸው እጄን ያዙና «እንዳንቺ ማን ይደርስልኛል?» አሉ። አሁን ቁልፉ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። በሩን ከፍተው ሂጂ ቢሉኝስ እንዴት እሄዳለሁ? ሳሎኑ ሞቋል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ ቤቱ ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ እርጅናዬን ያየሁት መሰለኝ፤ በዳንቴል ተሸፍኜ።

አየር ፍለጋ ወደ ግቢው ወጣሁ። ከግንቡ ማዶ ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ወደ እኛ ያዘነበለ ፓፓያቸውን ይለቅሙ ነበር። ዘመናቸውን ሁሉ የጭነት መኪና ነድተው፣ አሁን ባጃጅ ላይ የተቀመጡ፣ ጨዋታ የማያጡ ሰው ናቸው።

«ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ምነው ፊትሽ? ያቺ ሙሽራችሁ እንቢ አለች እንዴ?» ሙሽራ የሚሏት ማሽኒቱን ነው፤ አዲሱን ልብሷን እታለም በግንቡ ላይ አሳይተዋቸዋል።

«አልሳብ አለች። ሁሉን ነገር አየሁ፣ ምንም የላትም። ነገ መሄዴ ነበር፣ በቃ ቀረሁ።»

«በይ በይ! መጀመሪያ ሀፉራ ባፈዱ» አሉኝ፤ አንድ ፓፓያ በግንቡ ላይ እያቀበሉኝ።

ይህን አባባል በቀን ስንቴ እንሰማዋለን። ኦሮምኛ የሚናገር ሁሉ ለደከመ ሰው ይለዋል፤ «አረፍ በይ» ማለት ነው። ቃል በቃል ከተፈታ ግን «ትንፋሽሽን አውጪ» ነው። አውጪ እንጂ አስገቢ አይልም። እንደታዘዝኩት እፎይ ብዬ አወጣሁ። ወዲያው አዲስ አየር ራሱ ገባልኝ፤ እኔ ሳልስበው።

ፓፓያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከረጢቷን፣ ቱቦዋን፣ ብሩሿን፣ ማጣሪያዋን ፈትሻለሁ፤ ሁሉም የሚገባበት መንገድ ነው። የገባው አየር የት ይሄዳል?

ወደ ሳሎን ሮጥኩ። ማሽኒቱን አበራሁና በዚህ ዓይን አየኋት። ያ ልክክ ያለ አረንጓዴ ከፋይ ከኋላዋ በኩል ተነፍቶ፣ ተወጥሮ ነበር። ማክሰኞም አይቼዋለሁ እኮ! ስፌቱ ሰፍቶባቸው ነው ብዬ አልፌዋለሁ። መዳፌን ባስቀምጥበት ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ይፈጃል።

ምላጩን አነሳሁ። እታለም በስስት የሰፉትን ነገር መቅደድ ቀላል አይደለም። ታቹን ክር በክር ተረተርኩና ልብሷን በራሷ ላይ ገፈፍኩ። ከኋላዋ እንደ ዓሣ ስንጥብ የተደረደሩ ክፍተቶች ነበሩ። ላስቲኩ ሁሉንም ደፍኗቸው ኖሯል። ሳበራት ድምፅዋ ቀለለ፤ ቱቦዋ ምንጣፉን ጥርቅም አድርጎ ያዘና አልለቅም አለኝ።

እታለም ድምፁን ሰምተው መጡ። መጀመሪያ ያዩት ወለሉ ላይ የወደቀውን ልብስ ነው።

«ምን አድርገሽ ነው የገፈፍሻት?»

«ኑ እታለም፣ እጅዎን ይስጡኝ።» እጃቸውን ይዤ ክፍተቶቹ ላይ አደረግኩት። ሞቅ ያለ ነፋስ ጣቶቻቸው መሃል አለፈ። «አዩ? በቱቦዋ የሳበችው አየር በዚህ ነው የሚወጣው። ይህ ከተዘጋ በዚያ አይገባም። ምንም አልተበላሸችም፣ መውጫ አጥታ ነው!» እያልኩ እንደ መምህር ለፈለፍኩ። ምን እያልኩ እንደሆነ ራሴን የሰማሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው።

እታለም እጃቸውን አላነሱም። «ለአቧራ ብዬ ነው እኮ የሸፈንኳት» አሉ፣ በቀስታ።

«አውቃለሁ፣ እታለም።»

«እንዳትበላሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

እጃቸውን ከማሽኒቱ አነሱ። ከዚያ «በይ ምንጣፉን ጨርሺ» ብለው ወጡ።

እስኪመሽ ምንጣፉን ሁለቴ ደጋገምኩት፤ ቀለሙ እንደ አዲስ ፈካ። እታለም አዩት፣ ጥሩ ነው አላሉም፣ ነገ ትሄጃለሽም አላሉም። ራት ላይ ስልሱን ወደ እኔ ገፋ ገፋ አደረጉ። እኔ ደግሞ ቃል የገባን ትልቅ ሰው «ቃልዎስ?» ብዬ መጠየቅ አልችልም። ያደግኩት እንዲያ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ብወጣ እታለም የሉም። የግቢው በር ከውጭ ተቆልፏል። ቤተ ክርስቲያን ስመው ይመለሳሉ ብዬ ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከግንቡ ተሻገረች። በግንቡ ላይ ኦቦ ቶሎሳን ጠራሁ፤ ባጃጃቸውም የለችም። ከመናኸሪያ የሚነሱት የአሰላ መኪናዎች አንድ በአንድ ሲያልፉ በልቤ አየሁ። ግንቡን ልዝለል ብዬም አስቤ ነበር፤ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። ነፋሱ ሲነሳ አቧራው ፊቴን መታኝ። ያን ጊዜ እታለምን ጠላኋቸው። ያጎረሱኝን፣ ያስተማሩኝን ሁሉ አስቤ፣ አስቤው ጠላኋቸው።

ቀትር ሲል የባጃጅ ድምፅ በሩ ላይ ቆመ። ቁልፉ ተንቀጫቀጨ። እታለም ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው፣ አቧራ ለብሰው ገቡ። ከኋላቸው ኦቦ ቶሎሳ።

«ዛሬ ያላንኳኳነው በር የለም» አሉ ኦቦ ቶሎሳ ግንባራቸውን እየጠረጉ። «እትዬ አልማዝ በየማህበርተኛው ቤት እየገቡ ሲለምኑ ዋሉ! እሁድ ሰው ላኩልኝ፣ ወጥ አማስሉልኝ፣ ብቻዬን ነኝ እያሉ። እኔማ እንደ ለማኝ ሳንቲም የምሰበስብላቸው መስሎኝ ነበር።»

«አፍህን ዝጋ ቶሎሳ!»

እታለም በዕድሜያቸው ማንንም አስቸግረው አያውቁም። ባላቸው ሲሞቱ እንኳ ለቅሶ የመጡት ሴቶች ለማገዝ ያነሱትን ዕቃ አስቀምጠው እንዲቀመጡ ያዘዙ፣ ብቻቸውን መሆናቸውን ለሰው አፍ አውጥተው ያልተናገሩ ሴት ናቸው። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ።

«ቁልፉን ለምን...» አልኩ።

«ልምድ ሆኖብኝ። መንገድ ላይ ትዝ አለኝ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ቤት ቀርቶኝ ነበር።» ወደ እኔ አላዩም። «ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ግቢ ባጃጁ ውስጥ!»

መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። መኪናው መስኮት ሥር ቆመው የሱፍ ቆሎ በፌስታል አቀበሉኝ፣ ጉሮሯቸው እያፏጨም ቢሆን እስክንነሳ አልሄዱም። መልካሳን አልፈን፣ የአዋሽን ድልድይ ተሻግረን፣ ደራ ላይ የአባቴን ቤት ጣሪያ ከሩቅ አይቼ አለፍኩት። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ቀዝቃዛው የአርሲ አየር በተከፈተው መስኮት ገባ። ዓርብ ተመዘገብኩ።

ያቺ ተማሪዬ ለጠየቀችኝ መልሴ ይህ ነበር። «በሉ፣ ሁላችሁም አየር ሳቡ» አልኩ። ሳቡ። «አታውጡ። አሁን እንደገና ሳቡ!» ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ ዓይናቸው ፈጥጦ ሲታገሉ ቆዩና ሁሉም በአንድ ላይ እየሳቁ ተነፈሱ። «ገባሽ?» አልኳት። ገባት። ያልነገርኳት ብዙ ነው። አስም ያለበት ሰው «አየር አልገባ አለኝ» ይላል፤ የሚብስበት ግን ማስወጣቱ እንደሆነ ኮሌጅ ገብቼ ነው የተማርኩት። ያን ቀን በመጽሐፉ ገጽ ላይ ያየሁት የሳንባውን ሥዕል ሳይሆን የእታለምን ትከሻ ነበር።

አሁን የማስተምረው መቂ ነው። እታለም ያው አዳማ ናቸው፤ በየሳምንቱ መጨረሻ እሄዳለሁ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ «እደሪ» ብለውኝ አያውቁም። ፀሐይ ሊያዘቀዝቅ ሲል ቀድመው ይነሱና «በይ ተነሺ፣ መኪና ያመልጥሻል» ይላሉ፤ በሩንም ራሳቸው ይከፍቱልኛል። «እሺ፣ ይችን ብርጭቆ ልጠብ» እላለሁ። ከዚያ ሌላም ብርጭቆ አገኛለሁ።